መደብ የሌለው ምክር

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ይፋ በሆነ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ውጤት በወጣ ቁጥር ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን አቅም ብዙ እንነጋገራለን። መነጋገራችንም ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በየዓመቱ ሳይነሳ የሚያልፈው ጥያቄ ነው። ያላለፈው ልጅ በማግስቱ ወዴት ይሂድ? “ከእንግዲህ ምን ባደርግ ይሻለኛል?” ብሎ የሚጠይቀው ሰው ማን ነው?

የተወሰኑት ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም ሌላ ዕድል አግኝተዋል። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ በር ክፍት ነው፤ ለዓመታት “የወደቀ የሚገባበት” ሲባል ስለኖረ ግን ልጁ ቢፈልግ እንኳ ቤተሰቡ ያፍራል። የግል ኮሌጅም አለ፤ የትኛው ዕውቅና እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ከገጠር ለመጣ አባት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን የለም። ችግሩ ደግሞ ከ12ኛ ክፍል አይጀምርም። 11ኛ ክፍል ሲገባ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለውን የሚወስነው ልጅ በአብዛኛው ጓደኛው የመረጠውን ወይም አባቱ የተመኘለትን ይዞ ይሄዳል። “ሶሻል የሰነፍ ነው” የሚለው ወሬ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከማንኛውም አማካሪ በላይ ይሰማል። ዩኒቨርሲቲዎች ሰባ ሠላሳ በሚባለው ድልድል ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሰባውን እየሰጡ ተማሪ የተቀበሉበት ዘመንም ይህን ወሬ አጠንክሮት አልፏል።

በየከተማው የወጣቶችን የሥራ ጉዳይ ሳይታክት የሚከታተል አንድ ሰው አለ። ደላላው ነው። ሰፈሩን ያውቃል፤ የልጅቷን እናት በስም ይጠራል፤ ዛሬ እምቢ ያለችውን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይጠይቃታል። ሳዑዲ ለመሄድ ስንት እንደሚያስፈልግ፣ ጅቡቲ ላይ ኦቦክ ደርሶ ባሕሩን ለመሻገር ማንን ማግኘት እንደሚገባ የሚነግራት እሱ ነው። የሚነግራት ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎችንም ለሞት ዳርጓል። እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ቦታው ላይ ይገኛል። ለወጣቱ ይበጀዋል ብለን ያቋቋምነው የምክር አገልግሎት ደግሞ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይሠራና አንድ ቀን በሩ ይዘጋል። ልጅቷ ሁለቱን አወዳድራ ማንን እንደምታምን መገመት ከባድ አይደለም።

ክፍተቱን ለመሙላት ብዙ ተሞክሯል፤ የተሞከረውም በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ ነው። በውጭ መንግሥታት ዕርዳታና በዓለም ባንክ ብድር የወጣቶች ማዕከላት ተደራጅተዋል፣ በዩኒቨርሲቲዎች የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከላት ተከፍተዋል፣ የሥራ ዝግጁነት ሥልጠናዎች ተሰጥተዋል። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ፕሮግራም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. 10 ሚሊዮን ወጣቶች የተከበረ ሥራ እንዲያገኙ ማገዝን ግቡ አድርጓል። እነዚህን ሥራዎች የሚያናንቅ ሰው ሥልጠናውን ቀርቦ ያላየ ነው። በሕይወቷ በሰው ፊት ቆማ ተናግራ የማታውቅ ልጅ ስለ ራሷ ሦስት ደቂቃ ስትናገር፣ ሲቪ ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት በጋራዥ ያሳለፈው ክረምት የሥራ ልምድ ተብሎ እንደሚጻፍ ሲገባው፣ ለእነዚያ ልጆች የሕይወት መንገድ ነው የሚከፈተው። ምክሩ ይጠቅማል። ስለሚጠቅምም ነው መቋረጡ የሚያመው።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. እኛ በቃና ዘገሊላ ታቦት ስንሸኝ ዋሽንግተን ላይ አንድ ትእዛዝ ተፈረመ። የአሜሪካ የውጭ ልማት ዕርዳታ እስኪጣራ ድረስ ለ90 ቀናት ይቁም የሚል ነበር። በቀናት ውስጥ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ በየፕሮጀክት ቢሮው ደረሰ። መጋቢት 1 ከአሜሪካው የልማት ዕርዳታ ድርጅት ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸው ተነገረ፤ ሰኔ 24 ደግሞ ድርጅቱ የውጭ ዕርዳታ ማስፈጸሙን አቆመ። በእኛ አገር ጉዳቱ ጎልቶ የታየው በጤናው ዘርፍ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ ባለሙያዎችን ውል አቋርጧል። የወጣቶቹ የምክር ክፍሎች ግን ሲዘጉ ድምፅም አልነበራቸውም። መድኃኒት ያጣ ሕመምተኛ ይታያል፤ ምክር ያጣ ወጣት አይታይም።

ጣታችንን ዋሽንግተን ላይ ብቻ ብንቀስር ግን ለራሳችን እውነቱን አልተናገርንም። እነዚያ ፕሮጀክቶች ያለ ጥር 12ም የሚያልቁበት ቀን በውላቸው ላይ ተጽፎ ነበር። ትእዛዙ ድንገተኛ ሆኖ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ይሁን እንጂ ጊዜው ደርሶ፣ በርክክብ ሥነ ሥርዓት፣ በጭብጨባ የተዘጋው ፕሮጀክት ዕጣም ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ውጭ ባለች አንዲት ከተማ፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክፍል አይቻለሁ። በሩ ላይ የድርጅቶቹ አርማ የተደረደረበት ማስታወቂያ አለ፤ ፀሐይ ስለመታው ከአርማዎቹ አንዱ ብቻ ነው የሚነበበው። ውስጡ ስምንት ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። መደርደሪያው ላይ ገና ከላስቲካቸው ያልወጡ የሥልጠና መጻሕፍት አሉ። ግድግዳው ላይ በተለጠፉት ትልልቅ ወረቀቶች ተማሪዎች በእጃቸው “ጥንካሬዬ”፣ “ክፍተቴ”፣ “ከአምስት ዓመት በኋላ” ብለው ጽፈዋል። ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ለትምህርት ቤቱ ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22 ፈርሞ በስሙ የሚያወጣው ሰው ግን የለም። ቢሰበር ከደመወዙ የሚቆረጥበትን ዕቃ፣ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ለሌለ አገልግሎት ብሎ ማን ይፈርማል? ስለዚህ ቁልፉ ንብረት ክፍል ተሰቅሏል። እኔ በንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አልፈርድበትም፤ ሥራውን ነው የሠራው።

በዚያው ግቢ ፕሮጀክቱ በነበረበት ጊዜ ተጠሪ የነበረውን የሥነ ዜጋ መምህር አገኘሁት። ያኔ በየወሩ ለስልክና ለትራንስፖርት የምትሆን ገንዘብ ትሰጠው ነበር፤ እሷ ቆማለች። አሁን በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ ሲል ተማሪዎች ይመጣሉ። እኔ እያለሁ አንዲት ልጅ መጣች። “ቲቸር፣ ነርሲንግ በግል ብማር ነው የሚሻለኝ ወይስ አክስቴ ጋ አዲስ አበባ ብሄድ?” አለችው። ቶሎ አልመለሰላትም። ኮሌጁ ለነርሲንግ ዕውቅና እንዳለው ጠይቃ እንደሆነ፣ አክስቷ ጋ ብትሄድ የምትሠራው ምን እንደሆነ፣ ክፍያውን ማን እንደሚችልላት አንድ በአንድ ጠየቃት። መጨረሻ ላይ “የዕውቅናውን ወረቀት ኮሌጁ ሄደሽ ‘አሳዩኝ’ በይ፤ ዓመተ ምሕረቱን አይተሽ ነይ፤ ከዚያ እናወራለን” አላት። ደወል ተደወለ፤ ሌሎች ሁለት ልጆች ተራ እየጠበቁ ነበር፤ ሳያናግራቸው ወደ ክፍል ገባ። በኋላ ያለኝን በራሱ ቃል ልጻፈው፦ “ፕሮጀክቱ እያለ ሪፖርት እጽፍ ነበር። አሁን ሪፖርቱ ቀርቷል፤ ልጆቹ ግን አልቀሩም።”

ያ ክፍልና ያ ደረጃ አንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸው ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ገንዘቡ የገዛው ነገር ተቆልፎበታል፤ የምክሩን ሥራ የሚሠራው ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ ጊዜም መደብም አልተሰጠውም። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድለት አይደለም፤ ከፕሮጀክቶቹ አነሳስ የሚመጣ ነው።

ለጋሾች በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መክፈል አይወዱም፤ ምክንያታቸውም ይገባኛል። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ሥልጠና፣ ወደ መሣሪያ፣ ወደ መኪና፣ ለፕሮጀክቱ ለተቀጠሩ ባለሙያዎችም ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ወይም ወረዳው “ተጠሪ” ይመድባል፤ ተጠሪው መደበኛ ሥራውን እንደያዘ በላዩ ላይ ይደርባል፤ ለድካሙ አበል ወይም ማትጊያ ያገኛል። አበሉ ሲቆም ተጠሪነቱም ይቆማል። ለፕሮጀክቱ የተቀጠሩት ባለሙያዎች ደግሞ ልምዳቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ፕሮጀክት ይሄዳሉ። ዘላቂነት የሚለው ርዕስ በእያንዳንዱ ፕሮፖዛል ውስጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ገጾች ላይ ነው፤ “የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ይረከቡታል” ይላል። የትኛው አካል፣ በየትኛው መደብ፣ በየትኛው የበጀት ዓመት ብሎ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው።

የበጀት ዓመቱን ነገር በደንብ ልናየው ይገባል፤ ብዙ ርክክብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ወረዳው ለሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል የሥራ ማስኬጃ እንደሚያስፈልገው መሥራት የሚጀምረው ክረምቱ ከመግባቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 ገደማ ነው። ከዚያ ጋር አብሮ የሚያልቅ ፕሮጀክት ርክክቡን የሚያደርገው የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ካጸደቀ በኋላ ይሆናል። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ከልቡ ሊረከብ ቢፈልግ እንኳ ለዓመቱ የሚይዘው ገንዘብ የለም። ዓመት ሙሉ የተዘጋ አገልግሎትን መልሶ መክፈት ከዜሮ መጀመር ነው። በዚያ ላይ የመግባቢያ ሰነዱን የፈረመው ኃላፊ ያኔ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ወይም ሌላ ቦታ ተሹሞ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ኃላፊ ፋይሉን ከመሳቢያ የሚያገኘው ኦዲተር ሲጠይቀው ነው።

የሚቆጠረውም ነገር የራሱ ጥፋት አለው። ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው “ይህን ያህል ወጣት ሠለጠነ” የሚል ስለሆነ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ የሄደ መቶ ወጣት፣ ለሁለት ዓመት ክትትል ከተደረገላቸው ሃያ ወጣቶች ይልቃል። የሙያ ምክር ግን የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ ያቺ ልጅ የዕውቅናውን ወረቀት አይታ ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋታል።

ይህን ስል “በእኛ አገር የሚሆን ነገር አይደለም” የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ምስክር ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ግሎባል ፈንድና ጋቪን የመሳሰሉ የውጭ ተቋማት ለሥልጠናና ለግብዓት ብዙ ገንዘብ አውጥተዋል። ደመወዛቸውን ግን ከመጀመሪያው የከፈለው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ የተቀጠሩትም የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በቋሚ መደብ ነው። እህቶቻችን ስለ ደመወዛቸው ማነስና ስለ ሥራ ብዛት የሚያነሱት ቅሬታ እውነት ነው፤ ሊሰማም ይገባል። ሆኖም ለጋሽ ሲመጣና ሲሄድ በየቀበሌው ያሉት እነሱ አልሄዱም። በጥር 2017 ውላቸው የተቋረጠው ባለሙያዎችና እነዚህ ሴቶች የሠሩት በአንድ የጤና ሥርዓት ውስጥ ነው፤ የለያያቸው ደመወዛቸው የሚወጣበት ቋት ነው።

ከአገራችን ውጭ የዮርዳኖስን ልምድ መጥቀስ እወዳለሁ። ኢንጃዝ የሚባለው የወጣቶች ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በሴቭ ዘ ችልድረን ሥር፣ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ነበር። በ2001 ራሱን የቻለ የዮርዳኖስ ድርጅት ሆነ። ሥራው ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ነው፤ የባንክ፣ የቴሌኮምና የሌሎች ኩባንያዎች ሠራተኞች በበጎ ፈቃድ ትምህርት ቤት እየገቡ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፣ ስለ ሥራው ዓለም ይነግራሉ፤ ኩባንያዎቹም ገንዘብ ያዋጣሉ። የውጭ ዕርዳታ ጨርሶ አልተለየውም፤ ባለቤት ግን አለው፤ አንድ ለጋሽ ቢወጣ የሚዘጋ ቤት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ሄዳለች። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪዎች ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ አንድ በመቶ የሚሆን የክህሎት ልማት ግብር ያስገባሉ፤ ከዚህ አንድ አምስተኛው ወደ ብሔራዊ የክህሎት ፈንድ ይሄዳል፤ ለሕዝብ የሚሰጠው የሙያ ምክር አገልግሎትም ከዚህ ፈንድ ተደግፏል። እኛ ዛሬ አዲስ ግብር እንጣል አልልም፤ የኑሮ ውድነቱ በዚህ ደረጃ ባለበት ጊዜ ሠራተኛም አሠሪም ይህን አይሸከሙም። የሚወሰደው ነገር ግን ገንዘቡ አገር ውስጥ ከሚታወቅ ምንጭ መምጣቱ ነው።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። አማካሪው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሳችን መደብ፣ በራሳችን ደመወዝ ይሁን፤ ለጋሹ ቢቆም አገልግሎቱን የማይገድለውን ነገር ይክፈል። ሥልጠናውን፣ መጻሕፍቱን፣ ኮምፒውተሩን፣ ጥናቱን። ይህን የማይቀበል ፕሮጀክት ሲመጣ ክልሉም ወረዳውም ከመፈረሙ በፊት ይደራደር። በሰነዱ ውስጥ የመደቡ መጠሪያና የበጀት ዓመቱ ካልተጻፈ ፊርማው ይቆይ። ለጋሾችም ቢሆኑ ይህን ይጠላሉ ብዬ አላምንም፤ ብዙዎቹ ከመንግሥት ወገን ጠንካራ ጥያቄ ስለማይመጣላቸው ነው በራሳቸው የጊዜ ሰሌዳ የሚሄዱት።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ እንደሚያልቅ ማንም ያውቃል። የምጠይቀው ግን በየትምህርት ቤቱ አዲስ ሰው እንዲቀጠር አይደለም። የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ባለሙያ የሚለው መደብ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቀድሞውንም አለ፤ የተቀመጠበት ሰው በተግባር የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ተመልካች ወይም የቀረ መምህር ተተኪ ይሆናል። መደቡ ወደ ስሙ ይመለስ። መደቡ በሌለበት ደግሞ የአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ወደ ግማሽ ወርዶ የቀረው ለምክር ይሰጥ፤ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፤ በአፈጻጸም ምዘናው ይታይ። ለትምህርት ቤቱ ይህ የግማሽ መምህር ወጪ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን አስገብቷል፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በየወረዳው የሥራ ዕድል ፈጠራ መዋቅር አለው። ትምህርት ሚኒስቴርና ይህ ሚኒስቴር ተነጋግረው በወር አንድ ጊዜ የወረዳው ባለሙያ ትምህርት ቤቱን ቢጎበኝ፣ የትኛው ሙያ በአካባቢው ሰው እንደሚፈልግ ለዚያ መምህር ቢነግረው፣ መምህሩ ለልጆቹ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። አሁን የሚናገረው በራሱ ጥረት ከቴሌግራም ያነበበውን ነው።

የቀድሞ ተማሪዎችንም ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ለተማሩበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያዋጡ በአብዛኛው ኮምፒውተርና መጽሐፍ ይልካሉ። መልካም ነው። የከተማው ነርስ፣ ኤሌክትሪሽያን፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ከሳዑዲ ተመልሳ ሱቅ የከፈተች ሴት በየተራ መጥተው ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የሚነጋገሩበትን ቀን ማዘጋጀት ግን ከዚያ ባነሰ ወጪ የሚሆን ነው፤ የኢንጃዝ መምህራንም እንዲህ ያሉ የሥራ ሰዎች ናቸው። ከአሠሪዎችም ገንዘብ ሊገኝ ይችላል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አገር በቀል ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ሠራተኛ መርጦና አሠልጥኖ ለሚያቀርብላቸው ድርጅት አሠሪዎች ይክፈሉ፤ ከወጣቱ ግን ሳንቲም አይጠየቅ።

የበጀቱ ሥራ የበጋውን ወራት ይፈልጋል። የክፍለ ጊዜ ድልድል ግን የሚሠራው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መግቢያ ላይ ነው፤ ለዚህ የማንም ለጋሽ ፈቃድ አያስፈልግም። የዚያን መምህር 22 ክፍለ ጊዜ ወደ 12 ማውረድ፣ ሞዴል 22 በስሙ ቆርጦ ክፍሉን ማስከፈት፣ ቢሰበርስ የሚለውን ኃላፊነት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ እንዲጋራው በቃለ ጉባኤ ማስፈር፤ ይህን ርዕሰ መምህሩ፣ ኅብረቱና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአንድ ስብሰባ ሊወስኑት ይችላሉ።